ወራባ ኑዱል፦ የሐረር ግንብና የሌሊት ጎረቤቶቹ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገኘው ጥንታዊው የሐረር ከተማ ጀጎል በሚባል የድንጋይ ግንብ የታጠረ ሲሆን፣ በግንቡ እግር ሥር፣ ከታወቁት በሮች ራቅ ብለው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ በቀላሉ የማይሾልክባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች ይታያሉ። የከተማዪቱ ተወላጆች እነዚህን ቀዳዳዎች በቋንቋቸው ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ ወራባ ጅብ፣ ኑዱል ደግሞ ቀዳዳ ማለት ነው። ጠላት እንዳይገባ ተብሎ በተሠራ ግንብ ላይ ለአውሬ መግቢያ መተዉ ለሩቅ ሰው ግራ የሚያጋባ ቢሆንም፣ የሐረር ሰዎች በሰፈርና በዱር መካከል ያለውን ድንበር እንዴት እንደተረዱትና ከድንበሩ ማዶ የሚመጣውን ፍርሃት በምን ዘዴ እንዳስተዳደሩት ከግንቡ ይልቅ ቀዳዳው ያስረዳል። በሰሜኑ ደጋ ይኸው የጅብ ፍርሃት ሌላ መንገድ ይዞ በእጅ ባለሙያዎች ላይ ያረፈ በመሆኑ፣ የሁለቱን አካባቢዎች ልማድ ለየብቻ ከማየት ይልቅ አንዱን በሌላው አንጻር መመርመር ይበልጥ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጀጎል የሽንፈትና የሥጋት ዘመን ልጅ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በደጋው ሕዝብ ዘንድ ግራኝ በመባል የሚታወቁት የጦር መሪ፣ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከወደቁ በኋላ ሠራዊታቸው ተበትኖ ሐረር ራሷን ችላ መቆም ግድ ሆነባት፤ የኢማሙ የእኅት ልጅ የሆኑት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ሥልጣን ሲይዙም ከተማዪቱ በአንድ በኩል የደጋውን መንግሥት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ዘመን ወደ አካባቢው የሚስፋፋውን የኦሮሞን ኃይል መቋቋም ነበረባት። አሚሩ በ1559 አፄ ገላውዴዎስን በጦር ሜዳ ድል ነሥተው የገደሉ ቢሆንም ድሉ ለከተማዪቱ ዕረፍት አላመጣላትም፤ የሐረር ትውፊት የግንቡን ሥራ የሚያያይዘውም ከእኚሁ አሚር ስም ጋር ነው። በግንቡ የተከበበው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮችና መካነ ጸሎቶች መኖራቸውን ገልጿል። አውሊያ የሚባሉት በቅድስናቸው የሚታወቁና ከሞቱ በኋላም ከተማዪቱን ይጠብቃሉ ተብሎ የሚታመንባቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሐረር በድንጋይ ግንብ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ መቃብሮችም የታጠረች ተደርጋ ትታሰባለች።

ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ነበሩ፤ በዛሬ አጠራራቸው ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ፤ ሐረሪዎች ደግሞ ለእያንዳንዱ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፤ የበሮቹንም ቁጥር ከአምስቱ የቀን ሶላቶች ጋር የሚያያይዙ አሉ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ከተማዪቱ ገብቶ አሥር ቀን ያህል በቆየበት ጊዜ የታዘበውን ሲጽፍ፣ በሮቹ ሲመሽ ተዘግተው ቁልፎቹ ወደ አሚሩ እንደሚወሰዱና ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ማንም ሊወጣ እንደማይችል መዝግቧል። ይህ ደንብ የጸጥታ ደንብ ብቻ አልነበረም። ሐረር ከደጋው የቡና ማሳ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ በሚወርደው የሲራራ ንግድ መንገድ ላይ፣ በደጋና በቆላ፣ በገበሬና በአርብቶ አደር መካከል የተቀመጠች የጠረፍ ከተማ ስለነበረች፣ ቀን በአምስቱም በር የሚገባው ሰው ቋንቋውም ሃይማኖቱም ልብሱም የተለያየ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ይህ ሁሉ ልዩነት ቀርቶ ዓለም ለሁለት፣ በግንቡ ውስጥ ያለና ከግንቡ ውጭ ያለ ተብላ ትከፈላለች። የመሸበት ነጋዴ አህያውንና ግመሉን በመካከል አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ከግንቡ ሥር ወይም ራቅ ብሎ ከማደር በቀር አማራጭ አልነበረውም።

ከግንብ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ የእሾህ አጥር እንጂ የድንጋይ አጥር አልነበረውም። የድንበሩን ሰዓት የሚያስከብሩት በሐረር ዙሪያም ሆነ በሰሜኑ ደጋ በአብዛኛው ልጆች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከብት የማገድ ሥራ የልጅ ሥራ በመሆኑ፣ ገና የወተት ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰ እረኛ ጅራፉንና ወንጭፉን ይዞ ጎህ ሲቀድ ይወጣና ጥላው ሲረዝም መንጋውን ሰብስቦ ይመለሳል። ጠፍታ የቀረች ጥጃ ካለች ወደ ጫካው ጠርዝ ተመልሶ መፈለግ የእርሱ ዕዳ ነው። ስለ ጅብ የሚነገረው ነገር ሁሉ፣ ተረቱም ማስፈራሪያውም ምክሩም፣ በዋነኛነት ለዚህ ዕድሜ የተቀመረ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አድማጩ በምቾት ተቀምጦ ስለማያውቀው አገር የሚያልም ሳይሆን፣ በማግሥቱ ማታ በዚያው ድንበር ላይ ብቻውን የሚቆም ልጅ ነውና።

ስለ እንስሳው ራሱ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። በሐረር ዙሪያ የሚገኘው ነጠብጣቡ ጅብ ነው፤ ሐረሪው ወራባ፣ ኦሮሞው ወራቤሳ፣ ሶማሌው ወራቤ ሲለው፣ በሌላ በብዙ ነገር የሚለያዩ ሦስት ቋንቋዎች በሌሊቱ ጎረቤት ስም ላይ መቀራረባቸው የሚገርም ነው። ነጠብጣቡ ጅብ በመንጋ ይኖራል፤ በመንጋው ውስጥ ሴቷ ከወንዱ በአካል ትበልጣለች፣ በሥልጣንም የበላይ ናት፤ የሴቷ አካለ ወሊድ የወንዱን ስለሚመስልም ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚለው እምነት ከአፍሪካ አልፎ እስከ ጥንታዊት ግሪክ ድረስ ይነገር ነበር። መንጋጋው ሌላ ሥጋ በል የሚተወውን ትልቅ አጥንት ይሰብራል፣ ሆዱም ያንኑ አጥንት ይፈጫል፤ ኩሱ ሲደርቅ ኖራ የመሰለ ነጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጩኸቱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሳብ፣ በጸጥታ ሌሊት ከኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚሰማ ሲሆን፣ ሲሻማና ሲደናገጥ ደግሞ የሰው ሳቅ የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ሰው የሚስቅ የሚመስል፣ ወንድና ሴቱ የማይለይ፣ የሞተውን ከነአጥንቱ የሚያጠፋ እንስሳ ተራ አውሬ ሆኖ እንዲታይ መጠበቅ በራሱ አስቸጋሪ ነው።

የጀጎል ቀዳዳዎች ሥራ ከሁሉ በፊት የጽዳት ሥራ ነበር። ከተማዪቱ በኮረብታ ተዳፋት ላይ የተሠራች፣ መንገዶቿ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማለፍ የሚቸገርባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች የሆኑባት ናት፤ በዚህ ቦታ የሚታረደው ከብት አጥንት፣ ሆድ ዕቃና ቆዳ ሜዳ ላይ ቢተው በጥቂት ቀን ውስጥ ከተማውን በሽታ ይሞላው ነበር። ጅቦቹ በሮቹ ከተዘጉ በኋላ በቀዳዳዎቹ ሾልከው እየገቡ የሥጋ ተራውንና የቆሻሻ መጣያውን ጠርገው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። የሐረር ሰው ግን ጅቡ የሚያጸዳው በዓይን የሚታየውን ቆሻሻ ብቻ ነው አይልም። በአካባቢው ሰፊ እምነት መሠረት ጅብ ጂኒ ይበላል፤ ጂኒ በእስልምና ትምህርት ከእሳት የተፈጠረ፣ ከሰው ዓይን የተሰወረ ፍጡር ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ክፉዎቹ በሰው ላይ ያድራሉ፣ ሰው ያሳብዳሉ ተብሎ ይፈራል። ጅብ በጠባቡ መንገድ ሲሮጥ ኮቴው ከተሰማ ጂኒ እያባረረ ነው፣ ሲጮኽ ደግሞ ይዞታል ይባላል፤ ስለዚህ በሌላ አገር ሕፃን ጉልበት ሥር የሚያስደብቀው ጩኸት በጀጎል ውስጥ ለታመመ ሰው ቤተሰብ የእፎይታ ድምፅ ሊሆን ይችላል። አጥንት የሚጠርገው አፍ የማይታየውንም ይጠርጋል ተብሎ መታሰቡ፣ እምነቱ ከከተማው የዕለት ኑሮ ተነጥሎ የተፈለሰፈ አለመሆኑን ያሳያል።

ይህ ጉርብትና የራሱ የውል ታሪክ አለው። በትውፊት እንደሚነገረው በአንድ የረሃብ ዘመን ጅቦች የሚበሉት ቢያጡ ሰው መብላት ጀመሩ፤ አውሊያዎቹም ከከተማዪቱ በስተደቡብ ባለው በሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩና ለጅቦቹ በየዓመቱ ገንፎ ሊሰጧቸው፣ ጅቦቹም በበኩላቸው ከሰው ሊታቀቡ ተስማሙ። ውሉ የሚታደሰው በዓሹራ፣ ማለትም በእስላማዊው የዘመን አቆጣጠር የመጀመሪያ ወር በሆነው በሙሐረም አሥረኛው ቀን አካባቢ ሲሆን፣ ሌሊት በአውሊያ መካነ መቃብር አጠገብ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ተገንፍቶ ይቀርባል። ገንፎውን አስቀድሞ የሚቀምሰው የመንጋው መሪ ነው ይባላል፤ አበላሉም እንደ ትንቢት ይነበባል። አነጋገሩ ከሰው ሰው ቢለያይም፣ ጅቡ ከግማሽ በላይ በልቶ ጥቂት ካስተረፈ ዓመቱ የጥጋብ ይሆናል፣ ጭራሽ ካልነካው ወይም ጠርጎ ከጨረሰው ግን ረሃብ ወይም በሽታ ይመጣል የሚለው በሰፊው የታወቀ ነው። ጠርጎ መጨረሱ እንደ መጥፎ ምልክት መቆጠሩ አስተዋይነት አለበት፤ በዱር የጠፋውን ምግብ አስቀድሞ የሚያውቀው ጅብ ነውና፣ ገንፎ እንኳ የማያስተርፍ ጅብ በእርግጥም ክፉ ዘመን እየመጣ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሥጋ በል እንስሳ በውል የሚቀበለው ሥጋ ሳይሆን የሰው ማዕድ መሆኑ ደግሞ የዚህ ሥርዓት ቁም ነገር ነው፤ ገንፎ ከአራስ ቤት ጀምሮ የቤተኛ ምግብ ነው።

በሰሜኑ ደጋ፣ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በትግራይና በአካባቢው፣ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ በግንብ ላይ ሳይሆን በሰው ውስጥ ነው ተብሎ ታምኖ ኖሯል። ቡዳ የሚባለው በዓይኑ ሰውን የሚያሳምም፣ ሌሊት ደግሞ ወደ ጅብነት የሚለወጥ ተብሎ የሚታሰብ ሰው ሲሆን፣ ይህ ስም በተለይ የተለጠፈው ጠይብ በሚባሉት የእጅ ባለሙያዎች፣ ማለትም በብረት ቀጥቃጮችና በሸክላ ሠሪዎች ላይ ነበር። ጠይብ የሚለው ቃል ጠቢብ ከሚለው የመጣ፣ በመሠረቱ ዐዋቂ ማለት ሆኖ ሳለ ወደ ስድብነት ወርዷል። የእምነቱ ውስጠ ምሥጢር በአንድ ግሥ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ጅብ አህያዋን በላት፣ ቡዳ ልጁን በላው ይባላል፤ በመጀመሪያው አነጋገር ሥጋ ይጎድላል፣ በሁለተኛው ደግሞ ሥጋው ሳይነካ ጤናው ይጎድላል፣ ቋንቋው ግን ልዩነት አያደርግም። ልጅ ሲያምር ማሞገስ የሚያስፈራው፣ ሰው ፊት ወተት መጠጣት የሚከለከለው፣ ጤና አዳም በልብስ ጫፍ የሚቋጠረው፣ ብራና ላይ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ የተጻፈ ክታብ የሚያዘው ሁሉ የዚህ መበላት መከላከያ ነበር።

ቀጥቃጩ ለምን እንደተመረጠ ለመረዳት ሥራውን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ጥንድ ከረጢት ነው፤ ብዙ ጊዜ የቀጥቃጩ ልጅ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ አንዱን ከረጢት ሲያነሣ ሌላውን እየተጫነ አየሩን በሸክላ ቱቦ ወደ ከሰሉ ይልካል፤ አባት በጉጠት የያዘውን ብረት እያገላበጠ ቀለሙን ይመለከታል፣ ከቀይ ወደ ብርቱካንማ ሲያልፍም አውጥቶ በመዶሻ ይመታዋል። የብረት ቀለም በጠራራ ፀሐይ አይለይም፤ ጥላ ወይም ጨለማ ይፈልጋል። ከሰል ከጫካ ስለሚመጣና እሳቱ ለሣር ጎጆ ስለሚያሰጋ የቀጥቃጩ ቤት ከመንደሩ ዳር ይሆናል። እንግዲህ መንደርተኛው በመሸ ጊዜ ከሩቅ የሚያየው፣ በጫካው ጠርዝ፣ ጅብ በሚጮኽበት አቅጣጫ፣ እየነደደ የሚደበዝዝ ቀይ ብርሃንና ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ ሰው ነበር። ለአስፈሪ ተረት ከዚህ በላይ የተመቻቸ ሥዕል አይገኝም፤ ያም ሆኖ ሥዕሉ ብቻውን ስም አያጠፋም።

ዋናው ጉዳይ መሬት ነው። በደጋው የርስት ሥርዓት መሬት በዘር ሐረግ የሚወረስ ሲሆን ባለ እጁ ግን በአብዛኛው ከርስት የተገለለ ነበር። የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ ክርስትናን ላልተቀበሉት ርስት እንዳይኖራቸው ማድረጋቸው በትውፊትና በጽሑፍ የተላለፈ ነው፤ መሬት ያጡትም ከጊዜ ወደ ጊዜ በብረት፣ በሸክላና በሽመና ሥራ ላይ ተመሥርተው ኖሩ፣ የቡዳ ስምም ከሙያው ጋር አብሮ ተከተላቸው። ባለርስቱ ያለ ማረሻ ማረስ፣ ያለ ማጭድ ማጨድ አይችልም፤ ማረሻው በዶለዶመ ቁጥር ወደዚያው ዳር ወዳለው ቤት ይሄዳል፣ ዋጋውንም በእህል ይከፍላል። ያላረሰው ሰው የአራሹን እህል ይበላል። ይህ ጥገኝነት የፈጠረው ቅሬታ በላ በሚለው ግሥ ውስጥ መልክ አግኝቶ ባለ እጁ የልጅን ሥጋ የሚበላ ጅብ ሆኖ ቢታይ፣ እምነቱ ከድንቁርና ብቻ የመነጨ ነው ከማለት ይልቅ የአንድ ኢኮኖሚ ቁርሾ ልብስ ለብሶ የወጣ ነው ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ተጓዦች ይህን እምነት በአድናቆት መዝግበውታል፤ አንዳንዶቹም ተላልፎባቸዋል ማለት ይቻላል። በ1831 በታተመው፣ በትግራይ ለብዙ ዓመታት በኖረው በእንግሊዛዊው በናትናኤል ፒርስ መጽሐፍ ውስጥ የባልንጀራው የኮፊን ታሪክ ይገኛል፤ በታሪኩ ውስጥ ቡዳ ነው የሚባል አንድ አገልጋይ ፈቃድ ጠይቆ ከሄደ በኋላ ወዲያው ሌሎቹ አገልጋዮች ወደ ጅብነት እየተለወጠ ነው ብለው ይጮኻሉ፣ ኮፊንም ዞር ሲል ሰውየውን አጥቶ ጅብ ሲሮጥ ያያል፤ በማግሥቱ አገልጋዩ ወደ ሥራው ይመለሳል። ለውጡን ራሱን ኮፊን አላየም፤ ያዩት የጮኹት ናቸው። ጉትቻ ያደረገ ጅብ ተገድሎ ተገኘ የሚለው ወሬም በእነዚሁ ጽሑፎች ደጋግሞ ይገኛል፤ ምስክሩ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው፣ ቦታውም ሌላ መንደር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ሲያወጡ ቀጥቃጩ በጠይብነቱ እንዳይሰደብ ታስቦለት ነበር፤ አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢያሸሽም ከጓዳ አላስወጣውም።

የቡዳ ስም ለምሥራቁም እንግዳ አይደለም፤ ኦሮሞው ቱምቱ፣ ሶማሌው ቱማል የሚለው ብረት ሠሪም በየአካባቢው የተገለለ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ሐረር ከጭፍን እምነት ነፃ የሆነች ከተማ ነበረች ብሎ ማሞካሸት ስሕተት ይሆናል። ልዩነቱ የፍርሃቱ ክብደት ያረፈበት ቦታ ላይ ነው፤ በጀጎል ውስጥ ጅብ በራሱ ስም፣ በራሱ ቀዳዳ፣ በራሱ ድርሻ የታወቀ ስለሆነ በሰው ቆዳ ውስጥ መፈለጉ ያን ያህል አላስፈለገም።

የአማርኛ ተረት ጅብን አያ ጅቦ እያለ፣ ለታላቅ ወንድም በሚሰጥ የአክብሮት ስም ይጠራዋል፤ ይሁንና በተረቱ ውስጥ ይህ ባለ ማዕረግ ሆዳምና ተላላ ነው፤ ጦጣ ታታልለዋለች፣ ቀበሮ ትቀድመዋለች፣ ሆዱ ሁልጊዜ ያጋልጠዋል። በእሳት ዳር ተቀምጦ የሚሰማ ልጅ በሚፈራው ነገር እንዲስቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ማግሥቱን ወንጭፉን ይዞ ሲወጣም ፍርሃቱን ሳይጥል ሳቁን ይዞ ይወጣል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የዚሁ ተረት ዓለም ቁራጭ ነው፤ ቁርበት የሚተኛበት የከብት ቆዳ ሲሆን፣ ጅብ ግን እንግዳ መስሎ ያስነጠፈውን ምንጣፍ ሳይነጋ ይበላዋል። ቀልዱ በማያውቁት አገር በሚለው ሐረግ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሐረር ጅብን የሚያውቁበት አገር ናት፤ ምንጣፍ አያነጥፉለትም፣ ገንፎ እንጂ።

ተረት የሚያስቅበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ ሳቅ የሚጠፋበት ጊዜም ነበር። ከ1888 እስከ 1892፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ የቆየው ክፉ ቀን በከብት ወረርሽኝ ጀምሮ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፣ ድርቅና አንበጣም ታከለበት። በዚያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ከተዉት ማስታወሻ እንደሚታየው፣ ቀባሪ ያጣ ሬሳ በየመንገዱ ሲወድቅ ጅቦች ወደ ሰፈር ገቡ፣ ሰው ከመቀበሩ በፊትም ከተቀበረ በኋላም ነጠቁ፣ አቅም ያጣውን በቁሙ አጠቁ። በመቃብር ላይ ድንጋይ መከመር የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሌሊት ጥበቃም ነበር። የሐረር የረሃብ ውል ትውፊት በየትኛውም ዘመን ይጀምር፣ እንዲህ ያለ ዘመን በተደጋጋሚ በደረሰበት አገር የተወለደ መሆኑ ግልጽ ነው።

የጀጎል በሮች ታሪክም በዚሁ ዘመን አካባቢ ተለወጠ። የግብጽ ጦር በ1875 ከተማዪቱን ይዞ አሥር ዓመት ያህል ቆየ፤ እርሱ ከወጣ በኋላ አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ቢነግሡም በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸነፉ፣ ሐረርም በራስ መኮንን አስተዳደር ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ ከተማው ከግንቡ ውጭ እየሰፋ ሄደ፤ የማታ ቁልፍ ሥርዓትም ቀረ። ግንብ የሚለያየው ውስጥና ውጭ ከጠፋ በኋላ ቀዳዳዎቹም አስፈላጊነታቸው ቀነሰ፤ ጅብ በተከፈተ በር መግባት ይችላልና።

በዛሬው ጊዜ ቱሪስት የሚያየው ጅብን በእጅ የማብላት ልማድ ከዓሹራው ገንፎ ጋር አንድ ተደርጎ ቢወራም እጅግ የቅርብ ጊዜ ነው፤ የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ሲሆን፣ መነሻው ጅቦች ከብት እንዳይነኩ ከግንቡ ውጭ ማጥገብ ነበር ይባላል። በፈላና በርና በሰንጋ በር በኩል፣ ሲጨልም፣ አብላዩ ዘንቢል ሙሉ የሥጋ ቁርጥራጭ ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱን ጅብ በስሙ ይጠራል፤ ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ እንጨቱን በእጁ ወይም በጥርሱ ይይዛል፤ ጅቡ አንገቱን ዘርግቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ቁራጩን ብቻ ነጥቆ ያፈገፍጋል። አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ከሰው ጉንጭ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ሥጋውን ከእንጨቱ ለይቶ መንከሱ ተመልካቹን ያስደነግጣል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው የሐረር ልጅ ግን ከተመልካቹ ድንጋጤ በላይ የሚያስቀው ነገር የለም።

የአውስትራሊያው ተመራማሪ ማርከስ ቤይንስ ሮክ በጀጎል ውስጥ ጅቦችን ሌሊት በእግሩ እየተከተለ ያጠናውን በ2015 በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ የከተማውን የጂኒ እምነትም የጅቦቹን የመንጋ ኑሮም በአንድ ላይ መዝግቧል። በሰሜን ደግሞ በመቀሌ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች የጅብን ጉርብትና በቁጥር አሳይተዋል። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት በአቢይ ጾም፣ ከብት በማይታረድባቸው 55 ቀናት፣ የጅቦች ምግብ እንዴት እንደሚለወጥ ከኩሳቸው ውስጥ በተገኘ ፀጉር መርምሯል፤ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ፣ በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ 22.2 በመቶ ነበር። ክርስቲያኑ ሲጾም ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ጅቡ ወደ አህያው ይዞራል፤ አህያ ጫኚው ገበሬ ይህን ያለ ጥናትም ሳያውቀው አይቀርም። ከበርካታ ዓመታት በኋላ እዚያው መቀሌ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የከብት ሬሳና የሥጋ ተረፈ ምርት እንደሚያነሡና በዚህም አባ ሰንጋን የመሰሉ በሽታዎች ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመቱ እንደሚያግዙ ገምቷል።

በሐረር የማብላቱ ሥነ ሥርዓት አልቆ፣ ዘንቢሉ ባዶ ሆኖ፣ የጎብኚዎቹ መኪና መብራት ሲጠፋና እንግዶቹ ሲበተኑ ጅቦቹ ሁሉ ወደ ዱር አይመለሱም። ጥቂቶቹ ግንቡን ታክከው ይሄዱና በድሮው ቀዳዳ ወይም በተከፈተው በር ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ይገባሉ፤ ከመስጊድ አምሽቶ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ትከሻውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ያሳልፋቸዋል።